ከኮፋኖ ሥር የተቀመጠ አውጫጭኝ

ተረት ተረት!

«የጎማ የብረት!» በሉ እንጂ። ካላላችሁ አፌ አይከፈትም። እሰይ፣ አሁን ሞተሩ ተነሣ።

ድሮ፣ ብረት ከብረት ጋር በሚያወራበት ዘመን፣ በድሬዳዋ፣ ከደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ማዶ፣ አንድ ትልቅ የሮቃ ዛፍ ነበር። ከሮቃው ጥላ ሥር አንድ ጋራዥ ነበር። በጋራዡ አንድ መካኒክ ነበር፤ ስሙ ጋሽ ወልደየስ ይባላል። ጆሮው ትልቅ፣ ድምፁ ትንሽ፣ እጁ ጥቁር፣ ልቡ ነጭ። ሞተር ሲታመም ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ሞተር ሲድን ዓይኑን ጨፍኖ ይስቃል። ሚስቱ ወይዘሮ እንጉዳይ እዚያው ጥግ ተቀምጣ የመኪና መቀመጫ ልብስ ትሰፋለች። እሱ ከኮፋኖ ሥር፣ እሷ ከስፌት መኪናዋ ኋላ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቁና ሲሳሳቁ ይውላሉ። ኮፋኖ የሞተር ክዳን ነው፤ የማታውቁ ካላችሁ ብዬ ነው።

በዚያ ጋራዥ አንዲት መኪና ነበረች። ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ የድሮ የእሽቅድምድም መኪና። ስሟ ቀዮ። ቀዮ ስትሮጥ ማን ይችላታል! የሐረርን ዳገት «እርርርር» እያለች ስትወጣ ዝንጀሮዎቹ ልጆቻቸውን አቅፈው ቆመው ያዩአታል። መሮጥ ትችላለች። መቆም ግን አትችልም። ሾፌሩ እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሣ፣ «ድፍ... ድፍ... ድፍ...» ትልና ጸጥ።

መካኒኮች ይህን በሽታ «ሚኒሞ አልያዘችም» ይሉታል። ሚኒሞ ማለት መኪና ሳትሄድ ቆማ ሳለ ሞተሯ የሚተነፍሳት ትንሿ ትንፋሽ ናት። መሮጥማ ለማንም ቀላል ነው። ቆሞ፣ በትንሹ፣ ሳይጠፉ መተንፈስ ነው ጥበቡ።

አንድ ዓርብ የቀዮ ባለቤት አቶ ቢያድግልኝ ላቡን እየጠረገ መጣ።

«ጋሽ ወልደየስ፣ እሁድ ልጄን እድራለሁ። ሙሽራዋ የምትሄደው በቀዮ ነው።»

«እንኳን ደስ አለህ!»

«ምን ደስታ አለ! የሰርግ መኪና ሥራው መሮጥ አይደለም፤ መቆም ነው። ዘፋኝ ሲያስቆመው መቆም፣ ጨፋሪ ሲያስቆመው መቆም፣ ካሜራ የያዘ ሁሉ ሲያስቆመው መቆም። ይህች ደግሞ በቆመች ቁጥር ትሞታለች! በሰው ፊት ሙሽራዋን እንደ ያዘች ሞተሯ ከጠፋ፣ ሰኞ ጠዋት ለቁራሌው ነው የምሰጣት። ተቆራርጣ ትሂድ!»

ቁራሌው አሮጌ ብረት ሊገዛ በየሰፈሩ እየጮኸ የሚዞረው ሰው ነው። ስሙ ሲጠራ ከኮፋኖ ሥር ያሉት ሁሉ ሰሙ። ካንዴሎቹ ተንቀጠቀጡ። ባትሪው አረፋ ደፈቀ። ቀዮ ከተቆራረጠች እነሱም አብረው ይቆራረጣሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ወልደየስ ካቻቪቴውን አነሣ። ካቻቪቴ፣ ብሎን መፍቻው፣ ደረቱን ነፋ።

«ለእኔ ተዉት! ብሎን ሲዞርበት የማይድን በሽታ አልተፈጠረም። የሚኒሞዋ ብሎን አንድ ዙር ወደ ቀኝ፣ አለቀ!»

ጋሽ ወልደየስ አንድ ዙር ወደ ቀኝ አዞረ። ቀዮ ሳትጠፋ ቆመች፤ ቆመች ግን እንደ ተቆጣ ግመል እያገሳች ነው። የጎረቤት ዶሮዎች አጥር ዘለሉ። ማርሽ ሲገባላት እንደ እንቁራሪት ወደ ፊት ዘለለች።

«ወልዴ!» አለች እንጉዳይ ከስፌቷ ቀና ብላ። «ሙሽራዋን ቤተ ክርስቲያን ልታደርስ ነው ወይስ ጅቡቲ ልታስገባ?»

ጋሽ ወልደየስ ብሎኑን ወደ ቦታው መለሰ። ድፍ... ድፍ... ጸጥ።

ሁለተኛ አራቱን ካንዴሎች ፈታ። ካንዴል እሳት የሚጭር ነው፤ አራቱም ወንድማማቾች ናቸው፤ አራቱም የድሬ ልጆች ናቸው። በብርጭቆ ወረቀት ፊታቸውን ሲፈትጋቸው ባንድ አፍ ጮኹ።

«አቦ ቀስ! ፊት እኮ ነው፣ ድስት አይደለም!»

መለሳቸው። ቁልፉን አዞረ። ድፍ... ድፍ... ጸጥ።

ሦስተኛ እማማ ካርቡራተርን አወረደ። ካርቡራተር አሮጊት ናት፤ ቤንዚንና አየር ቀላቅላ ለሞተሩ የምታቀርብ እሷ ናት። በቤንዚን አጠባት። ቀዳዳዎቿን አንድ በአንድ በአፉ እፍ እያለ አጸዳቸው።

«ወይ ጉድ!» አለች እማማ ካርቡራተር። «ለራሴ ሰርግ እንኳን እንዲህ አልታጠብኩም።»

መለሳት። ቁልፉን አዞረ። ድፍ... ድፍ... ጸጥ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ድሬዳዋ በቀትር እንደምታውቁት ሱቁም ይዘጋል፣ ፍየሉም ይተኛል። ጋሽ ወልደየስ እጁን በቀዮ ቀይ ቀለም ላይ አሳረፈ።

«ምን ሆንሽ አንቺ? ንገሪኝ እንጂ» አላት። ከዚያ እንጉዳይን ተከትሎ ለምሳና ለእንቅልፍ ወደ ቤት ገባ። ኮፋኖውን ክፍት ትቶት ሄደ።

የሰው ኮቴ ሲጠፋ አባ ባትሪ ጉሮሮውን ጠረገ። አባ ባትሪ ከባድ ነው፣ ከደጋ በጭነት መኪና የመጣ ነው፣ ያገሩንም ሥርዓት አልረሳም።

«ስሙኝ!» አለ። «ነገ ሰርግ ነው፤ ከነገ ወዲያ ቁራሌው ነው። ከመካከላችን ቀዮን ያሳመማት አለ። በአገሬ እንዲህ ያለ ሲሆን አውጫጭኝ እንቀመጣለን።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው አቦ?» አለ የካንዴሎቹ ታላቅ።

«ሌባው ሲጠፋ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ባንድ ሜዳ ይሰበሰባል። ሌባው ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። እያንዳንዱ ተነሥቶ ይምላል። አይቶ ሳለ ጠላት የሚፈራ ሰው ቢኖር ደግሞ ‹ወፍ ነገረችኝ› ይላል፤ የነገረው ሰው ስሙ አይጠራም። ስለዚህ ማሐላው እንዲህ ነው፦ አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ ወፍም አልነገረችኝ።»

ካቻቪቴ መጀመሪያ ተነሣ። «እኔ ብሎን አዞርኩ እንጂ ሌላ አላውቅም። አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ ወፍም አልነገረችኝ!»

አራቱ ካንዴሎች ተነሡ። «እኛ እሳት እንጭራለን እንጂ ሌላ አናውቅም። አላየንም፣ አልሰማንም፣ ወፍም አልነገረችን!»

ከሥር፣ ከብረቱ ጥግ፣ ቀጭን ድምፅ መጣ። ከሞተሩ ተነሥታ ወደ ፍሬኑ የምትሄደው፣ ሞተሩ አየር የሚስብባት ትንሿ የጎማ ቱቦ ናት። «እኔም... እኔ እንኳ... አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ ወፍም...» ብላ ዝም አለች።

«ጨርሺው!» አለ አባ ባትሪ።

«ወፍም አልነገረችኝ» አለች ቱቦ፣ ከብረቱ ጋር ይበልጥ ተጣብቃ።

ከአየር ማጣሪያው ሥር ደግሞ አንዲት አይጥ ብቅ አለች። «እኔ እንግዳ ነኝ» አለች ጢሟን እየጠረገች። «እዚህ የገባሁት ሙቀት ፍለጋ ነው። ቤታችሁ ይባረክ!»

ሁሉም ወደ እማማ ካርቡራተር ዞሩ።

«ሌላ ማን ቀረ?» አለ ካቻቪቴ። «ቀላቃይዋ እሷ ናት። አርጅታለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ልክ ጠፍቷታል። ትፈታና ትጣል፤ የሌላ መኪና ካርቡራተር ይግባ።»

«ይግባ! ይግባ! ይግባ!» አሉ ካንዴሎቹ።

እማማ ካርቡራተር ሳቀች። ንዴት ሲበዛባት ትስቃለች።

«እናንተ ልጆች፣ ልክስ አልጠፋኝም። አንድ እፍኝ ቤንዚን፣ አሥራ አምስት እፍኝ አየር። ሃምሳ ዓመት የሰፈርኩት ነው። ቀዮ ስትሮጥ በቁና ነው የምሰፍረው፤ ሌባ አንድ እፍኝ ነፋስ ቢጨምርበት ማንም አያውቅም። ቀዮ ስትቆም ግን በጠብታ ነው የምሰፍረው። በጠብታ ላይ ያ ሌባ ነፋስ ሲጨመር፣ ጠብታዬ ትሳሳና እሳቱ ይጠፋል። ስለዚህ እወቁ፤ የሆነ ቦታ፣ ከእኔ በታች፣ ያልተጠራ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። እኔ ጋ ግን አይደለም።»

«ቀዳዳው የት አለ? አሳዪን!» አለ ካቻቪቴ።

«ባየውማ እናንተን እለምን ነበር?»

አባ ባትሪ ተነፈሰ። «ምስክር የለሽም። ከሳሽሽ ብዙ ነው። እንግዲህ ፍርዱ...»

«ቺው ቺው ቺው ቺው!»

ከሮቃው ቅርንጫፍ ላይ አንዲት ድንቢጥ በሳቅ ትፈርሳለች። ላባዋ እስኪነቀል ድረስ ትስቃለች።

«ምን ያስቅሻል አንቺ?» አለ አባ ባትሪ። «ችሎት ላይ ነን።»

«አባ ባትሪ፣ አንዱ ተነሥቶ ‹ወፍም አልነገረችኝ› አለ። አራቱ ተነሥተው ‹ወፍም አልነገረችን› አሉ። ያቺ ቀጭኗም እየተንተባተበች ‹ወፍም አልነገረችኝ› አለች። ሦስት ጊዜ ስሜን ጠራችሁ። እዚሁ ከራሳችሁ በላይ ተቀምጫለሁ። እስቲ አንድ ሰው ቀና ብሎ ጠየቀኝ?»

ከኮፋኖ ሥር ያሉት ሁሉ ቀና አሉ።

«እኛ እኮ» አለ አባ ባትሪ አፍሮ፣ «ወፍ የምንለው ለአባባል ነው።»

«እኔ ለአባባል አይደለም እንቁላል የምጥለው! ደግሞ ሌላ ነገር ልጨምርላችሁ። ያቺ ጢማም ‹ሙቀት ፍለጋ ገባሁ› ስትል አንዳችሁም አልሳቃችሁም። በድሬዳዋ! በግንቦት! ሙቀት ፍለጋ ሞተር ውስጥ!»

የካንዴሎቹ ታላቅ መጀመሪያ ሳቀ። «አቦ እውነቷን ነው!» አለ። ወንድሞቹ ተከተሉት። አይጧ ግን አልሳቀችም፤ ጅራቷን ወደ ራሷ ሰበሰበች።

«ጠይቀኝ እንጂ፣ አባ ባትሪ» አለች ድንቢጥ።

«እሺ፣ ጠየቅንሽ። ምን አየሽ?»

«በየጠዋቱ ያቺ አይጥ ከዚህ ኮፋኖ ሥር ስትወጣ አያታለሁ። በአፏ ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ይዛለች። አንዱ ወደቀባትና ለጎጆዬ ወሰድኩት፤ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ከልጆቼ ሥር አለ። የማን ጎማ እንደሆነ ግን አላየሁም። ያየሁትን ብቻ ነው የምናገረው።»

«ጎማ ያላችሁ ሁሉ ተገላበጡ!» አለ አባ ባትሪ።

ጎማ ያለው ሁሉ ተገላበጠ። የማራገቢያው ቀበቶ ተገላበጠ፤ ደህና ነው። የራዲያተሩ ቱቦ ተገላበጠ፤ ደህና ነው። ትንሿ ቱቦ ብቻ ሳትንቀሳቀስ ቀረች።

«ልጄ» አለች እማማ ካርቡራተር በቀስታ። «ዙሪ እስቲ።»

ቱቦ ማልቀስ ጀመረች። «ብዞር ቀዳዳዬን ታዩታላችሁ። ከሥሬ ጫፍ ላይ ነው፤ የሽንብራ ፍሬ ያህላል። ስትነክሰኝ ልጮህ ነበር። ግን አይጧ ‹ዝም በይ፤ ቀዳዳ ቱቦ ይጣላል፤ ዝም ካልሽ ግን ትኖሪያለሽ› አለችኝ። ስለዚህ ጋሽ ወልደየስ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ፣ ፉጨቴን እንዳይሰማ ቀዳዳዬን ከብረቱ ጋር አጣብቄ እይዘዋለሁ። ነፋሱ ግን በጎን ሾልኮ ይገባል። መጣልን ፈርቼ ነው፣ እማማ።»

«እሰይ!» አለች እማማ ካርቡራተር። «አንቺ ብቻ እንዳትጣዪ ብለሽ ሁላችንን በአንድ ከረጢት ለቁራሌው ልታስጭኚን! እኔንማ ቀድመሽ ልታስፈቺኝ! ወይ አንቺ ልጅ!» ተቆጣች፤ ግን ቁጣዋ ከቤንዚን ቶሎ ተነነ። «በይ አሁን አትልቀሺ። ጋሽ ወልደየስ ሲመጣና ሞተሩ ሲነሣ፣ ከብረቱ ራቂ። አፍሽን ክፈቺ። ያለሽን ያህል አፏጪ።»

«ቢጥለኝስ?»

«እሱን አላውቅም» አለች እማማ ካርቡራተር። «የማላውቀውን አልምልልሽም። ዝም ካልሽ ግን የት እንደምንሄድ ሁላችንም እናውቃለን።»

አይጧ ቀስ ብላ መሹለክ ጀምራ ነበር። ካቻቪቴ መንገዷ ላይ ተጋደመ።

«ምን ላድርግ?» አለች አይጥ። «ጥርሴ በየቀኑ ያድጋል። ካልቆረጠምኩ አፌ አይዘጋም!»

አባ ባትሪ ፈረደ። «ከጋራዡ ኋላ የተጣሉ አሮጌ ጎማዎች ተከምረዋል። እስከ ልጅ ልጅሽ ቆርጥሚ። ከዚህ ኮፋኖ ሥር ግን ጅራትሽ እንዳይታይ።» አይጧ በደስታ ሄደች። እስካሁንም አልጨረሰችውም ይባላል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጋሽ ወልደየስ ከእንቅልፉ ተነሥቶ፣ እንጉዳይም ክሯን ይዛ መጡ። ቁልፉን አዞረ። ድፍ... ድፍ...

ትንሿ ቱቦ ዓይኗን ጨፈነች። ከብረቱ ራቀች። አፏን ከፈተች።

«ፊሽሽሽሽሽ!»

ጋሽ ወልደየስ ደረቀ። «ዝም በይ እስቲ እንጉዬ!»

«አልተናገርኩም እኮ።»

«የስፌት መኪናሽን ዝም አሰኚው!»

ዓይኑን ጨፈነ። ጎንበስ አለ። ጣቱን በሞተሩ መካከል ሰደደና ፉጨቱን ተከትሎ ሄደ፤ ሄደ፤ ሄደ። አውራ ጣቱ ቀዳዳዋ ላይ አረፈ። ወዲያው ሞተሩ ሳይጠፋ ረጋ። «ዱም-ዱም-ዱም-ዱም»፣ ልክ የደህና ሰው ልብ።

«እንጉዬ! ቆመች! በአውራ ጣቴ ላይ ቆመች!»

«እንግዲያው ነገ ጣትህን እንደ ሰካህ ከሙሽራዋ ጋር ትሄዳለህ» አለች እንጉዳይ። «ልብስህን ልተኩስልህ?»

ጋሽ ወልደየስ ሞተሩን አጥፍቶ ቱቦዋን አወጣና ገለበጣት። አየና ራሱን ነቀነቀ። «ከብረቱ ጋር ተጣብቃ ደብቃው ኖሯል። እኔ ስንት ቦታ ስፈልግ፣ እሷ ቁስሏን ይዛ ዝም።»

«መካኒኳን መስላ ነው» አለች እንጉዳይ። «አንተስ ወገብህን እንዲሁ አይደል የምትደብቀው? ከመኪና ሥር ስትወጣ ፊትህ እንደ ጨርቅ ሲጨማደድ የማላይ መሰለህ?»

ጋሽ ወልደየስ ካቻቪቴውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ትንሽ ነገር ናት እንጉዬ።»

«የሽንብራ ፍሬ ታህላለች?»

ሳቀ። ዓይኑን ጨፍኖ ሳቀ። «እሺ፣ ሰኞ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።»

«እንሄዳለን» አለች።

ከዚያ ምላጭ አነሣ። ትንሿ ቱቦ ምላጩን ስታይ ነፍሷ ወጣች። ጋሽ ወልደየስ ግን በክንዱ ለካት፤ ጫፏን ጎተት አደረገ። ድሮ የገጠማት ሰው ሁለት ጣት አስረዝሞ ነበር የቆረጣት። የተነከሰውን ጫፏን፣ ሁለት ጣት ያህል ብቻ፣ ቆርጦ ጣለ። የቀረችውን መልሶ ገጠማት፤ በቀለበትም አጠበቃት። ደረሰች። ቦታዋ ላይ ልክ ሆነች።

«አልጣለኝም!» አለች ቱቦ። «አጠርኩ እንጂ አልተጣልኩም!»

ጋሽ ወልደየስ የሚኒሞዋን ብሎን በካቻቪቴ ቀስ አድርጎ አስተካከለ፤ ሩብ ዙር ብቻ ነበር የቀራት። ካቻቪቴም ደረቱን አልነፋም።

እሁድ ሆነ። ቀዮ ነጭ ሪባን ታሰረላት። የሙሽራው ሚዜ መሪውን ያዘ።

መጀመሪያ በሙሽራዋ ደጅ ቆመች። ሴቶቹ «አናስገባም ሰርገኛ» ብለው አንድ ሰዓት ያዙአት። ዱም-ዱም-ዱም። አልጠፋችም።

ሁለተኛ ሙሽራዋን ይዛ፣ ቬሎዋ ከመቀመጫው ተርፎ በበሩ እየፈሰሰ፣ ደቻቱ አሸዋ ላይ ቆመች። የግመል መንጋ እያላመጠ አለፈ፤ አንዱ ግመል ሪባኗን ቀምሶ ተፋው። ዱም-ዱም-ዱም። አልጠፋችም።

ሦስተኛ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመች። እልልታ ቀለጠ። አቶ ቢያድግልኝ ልቡን በእጁ ይዞ ቆሟል። ሞተሩ ይሰማ እንደሆነ ጆሮውን ቀሰረ፤ ምንም አይሰማም።

«ጠፋች!» ብሎ ጮኸ። «ጠፋችብኝ! ሚዜው፣ አስነሣት!»

ሚዜውም ደንግጦ ቁልፉን አዞረ። «ክርርርርርክ!» ብላ ቀዮ ጮኸች፤ በሕይወት ያለ ሞተር ዳግመኛ ሲያስነሡት እንዲያ ነው የሚጮኸው። ጋሽ ወልደየስ ከሰርገኛው መካከል እየሮጠ ደረሰ።

«ተዋት! ተዋት! አልጠፋችም! በሚኒሞ ነው ያለችው!»

አቶ ቢያድግልኝ እጁን ኮፋኖው ላይ አደረገ። ከመዳፉ ሥር ዱም-ዱም-ዱም ይላል። ሰውዬው በሙሽራዋ ፊት፣ በቄሱ ፊት፣ በካሜራው ፊት አለቀሰ። «ይህችንማ ሊወስድ ሰኞ ቁራሌው ደጄ ቢቆም፣ እሱን ነው የማባርረው» አለ።

ከኮፋኖ ሥር ደግሞ ካንዴሎቹ «አቦ ያቺን ቁልፍ ማን ነው ያዞራት!» እያሉ ይሳደቡ ነበር፤ እማማ ካርቡራተር በጠብታ በጠብታ ትሰፍር ነበር፤ ትንሿ ቱቦ ያለ ፉጨት ትተነፍስ ነበር።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ቀዳዳውን የተናገረ ሁለት ጣት ያጥራል፤ ቀዳዳውን የደበቀ ቤቱን ለቁራሌው ያስጭናል። ወፍም ከጠራችሁ፣ ቀና ብላችሁ ጠይቋት።

ተረቴ አለቀ፣ ሞተሩ ሞቀ፣ የሰማኝ ሳቀ።